«አንተ ባለጋቢው፣ ውረድ!»

(ለሰቆጣና ለአካባቢዋ ተወላጆች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፖሊስ ዕፅ የያዘን ሰው ከአኳኋኑ እንዴት ለይቶ እንደሚያወጣ ተናገር ተብዬ ስጋበዝ አንድ ወዳጄ «ኧረ ለመሆኑ ዋግንና ሐሺሽን ምን አገናኛቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድሁበትም። ከእኛ አገር በአውቶቡስ ተጭኖ የሚወጣው ማር ነው፤ ካልሆነም ፍየል ነው። የሻሸመኔ ካናቢስ መንገዱ ሌላ ነው፤ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ይሻገራል። ኮኬይኑ ደግሞ በአየር ነው የሚመጣው፤ ቦሌ ላይ መንገደኛ በሆዱ ውጦት ተያዘ ሲባል ስንቴ ሰማን! ተከዜን ተሻግሮ ዝቋላ ወይም ሰሀላ የሚገባ ኮኬይን ካለ ግን እኔ አልሰማሁም።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ዕፁ ባይኖረንም ፈታሹ አለን! ፈታሹ የሚፈልገው ነገር ዛሬ ጥይት ነው፣ ነገ ኮንትሮባንድ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሐሺሽ ይሆናል። የሚፈልገው ነገር ቢለዋወጥም የሚፈልግበት ዘዴ አንድ ነው፤ የሰው ፊት ማንበብ። ላብ ያያል፣ ዓይን ያያል፣ እጅ ያያል፣ ከዚያ «አንተ፣ ና ውረድ» ይላል። የተጠራው ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ የዋግ ሰው ለዋግ ሰው አይነግረውም።

ዘዴው የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ስሙም ሆነ ዝናው የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካ የፀረ ዕፅ ፖሊሶች በአውሮፕላን ማረፊያ ቆመው መንገደኛን እያዩ «የዕፅ አመላላሽ ምልክት» የሚሉትን ዝርዝር አወጡ። ትኬቱን በጥሬ ገንዘብ የገዛ፣ ሻንጣ የሌለው፣ ዕፅ ከሚመጣበት ከተማ የተነሣ፣ ሄዶ ሳያድር ሳይሰነብት የተመለሰ፣ የሚቁነጠነጥ፣ ዞር ዞር እያለ የሚያይ። ከእነዚህ ጥቂቱ የተገኘበት ሰው ይቆማል፣ ይጠየቃል፣ ይፈተሻል።

ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደረሰ። ሶኮሎው የሚባል ሰው ከሆኖሉሉ ወደ ማያሚ የሚያስኬዱ ሁለት የደርሶ መልስ ትኬቶች በ2,100 ዶላር፣ ያውም ከአንድ ጥቅል የሃያ ሃያ ዶላር ኖት እየቆጠረ ገዛ። ሃያ ሰዓት ያህል በርሮ ማያሚ የቆየው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። የሰጠው ስምና የስልኩ ባለቤት ስም አይገናኝም። ሲመለስ ያዙት፤ ቦርሳው ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ኮኬይን ተገኘ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 በሰባት ድምፅ ለሁለት ፖሊሶቹ ሰውየውን ማቆማቸው ትክክል ነው አለ።

ይህን አልደብቃችሁም። ዘዴው አንዳንዴ ይይዛል። ይሁንና ከተለዩት ሁለት ዳኞች አንዱ፣ በዚያ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ተርጉድ ማርሻል፣ አንድ ሥራ ሠራ። ፖሊሶች በልዩ ልዩ መዝገቦች «ምልክት ነው» ብለው የመሰከሩትን ሁሉ ሰብስቦ ጎን ለጎን አስቀመጠው። በአንዱ መዝገብ መጀመሪያ ከአውሮፕላን የወረደ ተጠርጣሪ ነው፤ በሌላው መጨረሻ የወረደ ተጠርጣሪ ነው፤ በሦስተኛው መሐል ላይ የወረደ ተጠርጣሪ ነው! ሻንጣ የሌለው ይጠረጠራል፤ አዲስ ሻንጣ የያዘም ይጠረጠራል። ብቻውን የሄደም፣ ከጓደኛ ጋር የሄደም። የተጨነቀ ይጠረጠራል፤ እጅግ የተረጋጋም ይጠረጠራል። እንግዲህ ከዚህ ወንፊት የሚያመልጥ ማነው? ዝርዝሩ እንደ እስስት ነው፤ ፖሊሱ አስቀድሞ በመረጠው ሰው ላይ አርፎ የዚያን ሰው መልክ ይይዛል።

አሁን ይህን ዝርዝር ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

ስሙን መጥራት በማልፈልገው አንድ ኬላ፣ ከሰቆጣ ወደ ወልድያ ስንወርድ፣ አውቶቡሳችን ቆመ። ሁላችንም መታወቂያ አወጣን። ከኋላ ወንበር አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ፈታሹ ልጅ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ቢሆን አያንሰውም። «አንተ ባለጋቢው፣ ውረድ!» አላቸው። ልብ በሉ፣ «አንተ» ነው ያለው፤ አባባ የለም፣ አንቱ የለም። ሰውዬው አማርኛ አይሰሙም፤ የሚናገሩት ኽምጥኛ ብቻ ነው። መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። «ዓይኑን አየኸው? ይደብቃል!» አለ ለባልደረባው። ጋቢያቸውን ጨበጥ ሲያደርጉ ደግሞ አለቀ፤ «እጁን ተመልከት!» ተባለ። አወረዷቸው፤ በብርዱ ጋቢያቸውን አስወልቀው እስከ ውስጥ ልብሳቸው በረበሯቸው። የተገኘው በጋቢው ጫፍ የተቋጠረ ገንዘብ ነው። ፍየል ሸጠው ልጃቸውን ሊያሳክሙ የያዙት ነው። ገንዘቡ ራሱ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል አስቆመን።

ከእኔ አጠገብ የተቀመጠ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገና የቆዳ ቦርሳ የታቀፈ ጎልማሳ ግን ከፖሊሶቹ ጋር ሲሳሳቅ ቆይቶ «ደህና ሁኑ» ብሎ አለፈ። ቦርሳው ውስጥ ምን እንደነበረ አላውቅም። ማንም አላወቀም፤ ማንም አልከፈተውማ! ነገሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው።

በአንድ አውቶቡስ ያየሁት ለሁሉም ኬላ ምስክር ይሆናል አልልም። ነገር ግን እነዚያን ምልክቶች አንድ በአንድ በዋግ ሰው ላይ አድርጋችሁ መዝኗቸው።

ዓይን። እኛ ዘንድ ልጅ አባቱን፣ ተከሳሽ ዳኛውን፣ ባላገር ሹሙን ዓይን ለዓይን አያፈጥበትም። መሬት ማየት አክብሮት ነው፤ ማፍጠጥ ጥጋብ ነው። በምልክቱ መጽሐፍ ግን መሬት የሚያይ ሰው ጥፋተኛ ነው። ልጅን በጨዋ ወግ ያሳደገ ቤተሰብ ልጁን ለፍተሻ እያዘጋጀ ነው ማለት ነው።

ላብ። ከተከዜ ቆላ ከአበርገሌ ሐሩር ወጥቶ በቀትር በጠባብ ወንበር ሦስት ሆኖ የተቀመጠ ሰው ካላበው ምን ይሁን?

የከንፈር መድረቅ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ያልቀመሰ ሰው ከንፈሩ ይደርቃል፣ ድምፁም ይሰልላል። ይህ ነገር ከኬላውም አልፎ አየር ላይ ይከተለናል። ኮኬይን በሆዳቸው የዋጡ ሰዎች የያዙት እንዳይፈነዳባቸው ፈርተው በረጅም በረራ ላይ ምግብ አይቀምሱም። ስለዚህ የአውሮፕላን ማረፊያ ፖሊስ በአስተናጋጆች በኩል ማን እንዳልበላ ይጠይቃል። ደህና፤ ምክንያት ያለው ምልክት ነው። ግን እስቲ በፍልሰታ ልጇን ለመጠየቅ አውሮፕላን የተሳፈረችን የሰቆጣ እናት አስቡልኝ! ዶሮውን መለሰች፣ ወተቱን መለሰች፣ ውኃውንም መለሰች፣ ስታርፍ ደግሞ በሁለት እጇ የታቀፈችው ዘንቢል አለ።

ዝምታ። ይኼኛው ከሁሉም ይከፋኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱ ወዲያው እንዲነገረው፣ ላለመናገርም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኬላ ላይ ግን በማይሰማው ቋንቋ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው ዝምታው ማስረጃ ይሆንበታል። ሰቆጣ የብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት፤ ኽምጥኛ በገበያዋም በጓዳዋም ይነገርባታል። በዚህ መንገድ ላይ የሚቆም ፈታሽ መካከል ቋንቋውን የሚሰማ አንድ ሰው ማስቀመጥ ይህን ያህል ከባድ ነው?

አባቶቻችን ሌባ ፍለጋ የሚሄዱበት አንድ መንገድ ነበራቸው፤ ሌባሻይ ይባላል። እዚህ ያላችሁ ሽማግሌዎች ታውቁታላችሁ። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል፤ ሲሰክር ወገቡን በጨርቅ አስረው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄድና ከአንዱ ቤት ገብቶ ይወድቃል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ዕዳውን ይከፍላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመንግሥት ሹማምንት ጭምር ይሠሩበት ነበር። ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን። ለመሆኑ በምን እንበልጣለን? ያኔ ዕፅ ያደነዘዘው ልጅ ሌባ ያወጣ ነበር፤ አሁን ደግሞ ዕፅ ፈላጊው «ልቤ ነገረኝ» ብሎ ሰው ያወጣል። ሌባሻዩ እንኳ ልጁን መድኃኒት ካጠጣው በኋላ ነበር የሚለቀው!

ይህ የእኔ ምሬት ብቻ አይደለም። ቦንድና ዴፓውሎ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ ከ24,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ሰብስበው መረመሩ። ሰው ሌላውን ሰው አይቶና ሰምቶ ውሸታሙን ከእውነተኛው የሚለየው ከመቶ 54 ጊዜ ነው። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውራችሁ ዘውድ ወይም ጎፈር ብትሉ 50 ታገኛላችሁ! ፖሊስ፣ ዳኛና መርማሪ ከተራው ሰው የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። የሚለዩት በራሳቸው እርግጠኛ በመሆናቸው ነው። የአሜሪካ መንግሥት በአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ምልክት አንባቢ ሠራተኞችን አሰማርቶ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካወጣ በኋላ የራሱ ዋና ኦዲተር በ2013 ዘዴው ለመሥራቱ ማስረጃ የለም፣ ገንዘቡ ይገደብ ብሎ ጻፈ። ሀብታም አገር ነው፤ 900 ሚሊዮን ከስሮ ይማራል። እኛ የምንከስረው ሰው ነው።

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሩ ለአብነት ያህል የራሴ ነው። በአንድ ኬላ ሺህ መንገደኛ ያልፋል እንበል። ከሺሁ ውስጥ ዕፅ የያዘው አንድ ነው። ፈታሹ ጎበዝ ነው፤ ዕፅ የያዘውን አይስትም፤ ንጹሑን ደግሞ ከአሥር ዘጠኙን በትክክል ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ፈታሽ በዓለምም የለም፣ ግን ይሁን። ከ999ኙ ንጹሓን ከአሥር አንዱን ሲስት 100 ያህል ሰው ያወርዳል። አንዱን ለመያዝ መቶ ንጹሕ ሰው አራቆተ ማለት ነው። በቴሌቪዥን የምናየው አንዱን ነው፤ ዕፁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ባለሥልጣኑ ከኋላ ቆሞ። መቶዎቹስ? መቶዎቹን የሚቆጥር መዝገብ የለም። ፈታሹም ቢሆን አንዱን ያስታውሳል እንጂ መቶዎቹን ይረሳል፤ ስለዚህ ዘንድሮም ለከርሞም ዓይኔ አይስትም እያለ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ቻይና አገር ዕፅ ይዛ ተገኘች ተብሎ አገር ሁሉ ሲያለቅስላት ነበር። ቤተሰቦቿ የሚሉት ጓደኛዋ አድርሺልኝ ብላ ያስያዘቻት ዕቃ ነው ነው። ፍርዱ የዚያ አገር ነው፤ እኔ እዚያ አልገባም። ግን ጠይቁ፤ የያዘውን የማያውቅ ሰው ምን ምልክት ያሳያል? አያልበውም። ዓይኑን አይሰብርም። ፖሊሱን በፈገግታ ሰላም ይላል። የዕፅ ነጋዴውም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው! እኛ ደግሞ የአደራ ሕዝብ ነን። ከሰቆጣ አውቶቡስ ሲነሣ ማር ለወንድሜ፣ ቅቤ ለእህቴ፣ ይህችን ደብዳቤ ለእገሌ የማይባል አለ? በአደራ የተሰጠንን ፈትተን ማየት ነውር ነው። በዚህ ነገር ላይ ግን እባካችሁ ነውሩን ተዉት። በተለይ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱ ልጆቻችን የማያውቁት ሰው የሰጣቸውን ሻምፖም ሆነ በርበሬ ሳይከፍቱ እንዳይዙ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ዕፅ ያዘዋወረን ሰው ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ የሌሎች አገሮች ደግሞ ከዚህ እጅግ ይከፋል፤ በሞት የሚቀጡም አሉ።

«ታዲያ ፖሊስ ዓይኑን ይጨፍን?» የሚለኝ ይኖራል። አላልሁም። ፖሊስ ልምድ አለው፤ ልምዱም ጥያቄ ለመጠየቅ ያህል ይበቃል። ዓይኑ የገባውን ሰው ይጠይቀው፤ በጨዋ ደንብ፣ በሚሰማው ቋንቋ። ከየት ተነሣህ? ማን ዘንድ ታርፋለህ? ወደምትሄድበት ከተማ ስትገባ ከመነኻሪያው በየት በኩል ትሄዳለህ? ኦርሜሮድና ዳንዶ የሚባሉ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሐሰተኛ መንገደኞችን አሠማርተው ሞክረውታል። እንዲህ ባለ ግልጽ ጥያቄ የሚሠሩት ፈታሾች ከመቶ 66ቱን ሐሰተኞች አወጧቸው። ፊትና ምልክት እያዩ የሚሠሩት ከመቶ አምስት እንኳ አልሞሉም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። መልስ ሊጣራ ይችላል፤ ላብ ግን በምን ይጣራል?

ወደ ሕጉ ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው ቤቱ፣ አካሉና ንብረቱ ያለ አግባብ እንዳይፈተሽ ይጠብቀዋል። ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 ደግሞ የተያዘ ሰው የሚፈተሸው ለማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ላይ አለ ተብሎ በሚገባ ሲጠረጠር ነው ይላል። «በሚገባ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይፈትሽ የሚለውም እዚያው ነው። ሕጉ የሚናገረው ግን ስለ ተያዘ ሰው ነው። በመንገድ ላይ ስለ ቆመው፣ ገና ስላልተያዘው ባለጋቢ ምን ይላል? እምብዛም አይልም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው እንግዲህ ኬላው የራሱን ሕግ የሚያወጣው።

ክፍተቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ደግሞ አይተናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝም መፈተሽም ተፈቀደ። አዋጁ ተራዝሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጊዜው አለቀ። አዋጁ ሲያልቅ ልማዱ አብሮ አለቀ ወይ? እናንተ ከእኔ ይልቅ ትመላለሳላችሁ፤ እናንተ መልሱት። ጦርነት ባለበት አገር ከአውቶቡስ የወረደ ሰው በአንድ ሰዓት ብርበራ ብቻ ላይመለስ ይችላል። ዋግ ደግሞ ይህን ከጥንት ታውቀዋለች። በደርግ ጊዜ የገበሬ ትከሻ እየታየ «ጠመንጃ የተሸከመበት ነው» ይባል ነበር። ቀንበር ተሸክሞ የሚያርስ ገበሬ ትከሻው ምን ይመስል ኖሯል?

እኔ የምጠይቀው ሦስት ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው። ፈታሹ አንድን ሰው ለይቶ ከማውረዱ በፊት፣ ልብ በሉ፣ ኪሱ ከመግባቱ በፊት፣ ለምን እንደጠረጠረው በደብተር ላይ ይጻፍ። ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ምክንያቱን። «ዓይኑን ሰበረ» ብሎ ከጻፈ ይጻፍ፤ ዳኛ ያየዋል። ፍተሻው ካለቀ በኋላ ደግሞ ምን እንደተገኘ ይጻፍ፤ ምንም ካልተገኘም «ምንም» ይበል። በወሩ መጨረሻ አለቃው «ምንም» የሚለውን ቃል ይቁጠር። ከተገኘ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ሳይገኝ የተጻፈ ምክንያት ነው ፖሊሱንም ሰውየውንም የሚጠብቀው። ደብተር መያዝ ካልተቻለ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ ሁሉም ይፈተሽ። ባለጋቢውም፣ ባለመነጽሩም። ወይም በቁጥር ይሁን፤ በየአሥሩ አንድ ሰው። ይህ ያሰለቻል፣ መንገድ ያስረዝማል፤ ማንንም ግን ለይቶ አያዋርድም።

እናንተም የየበኩላችሁን ታደርጋላችሁ። አማርኛ የምትሰሙ፣ አጠገባችሁ ያለው ሽማግሌ ሲጠየቁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ «ጌታዬ፣ ቋንቋ አይሰሙም፣ እኔ ላስተርጉምላቸው» በሉ። በትሕትና የተነገረ ቃል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ፈታሹም እኮ የእናት ልጅ ነው፤ እሱም በብርዱ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ነው። የተያዘ ሰው ካለ ስሙንና የተወሰደበትን ቦታ መዝግባችሁ ለቤተሰቡ አድርሱ። መንገዱ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ሰዓቷን ቆጥራችሁ ያዙ።

ከመግባቴ በፊት አንዲት እናት በር ላይ ይዘውኝ «ልጄ፣ ሴት ፈታሽ ከሌለችስ? ወንዱ ጎረምሳ እጁን መቀነቴ ውስጥ ሊሰድ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የለም፣ እማማ። ሕጉ አይፈቅድለትም። ሴት ፈታሽ እስክትመጣ እጠብቃለሁ ይበሉ፤ አብረዋቸው የተሳፈሩት ሁሉ «እኛም እንጠብቃለን» ይበሉ። ሾፌሩ ይነጫነጭ ይሆናል፤ ይነጫነጭ። ሌሎች ጥያቄዎችም በጽሑፍ ደርሰውኛል፤ አሁን በየተራ እመልሳቸዋለሁ።